ከሆዱ በኩል የታየ አውሮፕላን

በዶርማችን መስኮት ሥር፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈች ጠረጴዛ ላይ፣ በደብተርና በሻይ ብርጭቆ መካከል አንድ የጦር አውሮፕላን ቆሟል። አትደንግጡ፤ ርዝመቱ ከአንድ እስክሪፕቶ አይበልጥም። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ከካናዳ ሲመጣ ያመጣለት ነው። ለሌላው ጫማና ሹራብ ሲላክለት ለእሱ «መጫወቻ» ስለ ተላከለት መጀመሪያ ሳቅንበት። በእጃችን ስንይዘው ግን ከበደን። ፕላስቲክ አይደለም፤ ብረት ነው። ክንፉ ከሥሩ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይነሣል፤ ክንፉን ሊዘረጋ ያለ አሞራ ይመስላል። አፍንጫው ረጅም ነው። ጎኑ ላይ ቁጥርና ፊደል በጥርት ያለ ቀለም ተጽፏል፤ ውስጡ ደግሞ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ የአብራሪ ፊት አለ።

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ካርድ አብራ መጥታለች። የአብራሪው ስም፣ የመርከቡ ስም፣ የአውሮፕላኑ መለያ ቁጥር፣ የበረረበት ቀን፣ አልፎ ተርፎም ይህኛው አሻንጉሊት ከተሠሩት መካከል ስንተኛው እንደ ሆነ ተጽፎባታል። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን፤ ካርዲቱን አንብበን «አቤት ጥንቃቄ!» ከማለት በቀር በጊዜው የተናገርነው ነገር አልነበረም።

ወሬው የተጀመረው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። የአንድ ጓደኛችን አያት ለሕክምና ከሞጣ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በትራቸውን ከጭናቸው መሐል አቁመው የሚቀመጡ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሻይ ቀድተን ስንሰጣቸው ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ብርጭቆውን አስቀምጠው አውሮፕላኑን አነሡና ገለበጡት። ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ምነው አባባ፣ ገለበጡት?» አላቸው የልጅ ልጃቸው።

«እኔ የማውቀው በዚህ በኩል ነዋ፣ ልጄ። ላዩን ማን አይቶት!»

ከዚያ መልሰው አስቀመጡትና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። እኛም እርስ በርስ ተያየን፤ «ጣልያን ነው» አልን በልባችን። ሽማግሌ ስለ አውሮፕላን ሲናገር፣ ያውም በጎጃም፣ ሌላ ምን ሊመጣብን ይችላል? ያን ዕለት አንድ ቀላል ሒሳብ ሳንሠራ ቀረን። ወደ እሱ እንመለሳለን። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን ስንጠቅስ «እ.አ.አ.» እንላለን።)

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው እንናገር። እንዲህ ያሉት ሞዴሎች የሚሠሩት ከዚንክ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ብረት ስለ ሆነ በብዙ ኃይል ወደ ብረት ቅርጽ ውስጥ ተገፍቶ ሲገባና ሲቀዘቅዝ ትንሿን መስመር ሳይቀር ይዞ ይወጣል። ጥቂት አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ይጨመርበታል፤ ይህን ቅልቅል በ1929 እ.አ.አ. ያወጣው የአሜሪካው ኒው ጀርሲ ዚንክ ኩባንያ ሲሆን፣ ከአራቱ ብረቶች የጀርመንኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «ዛማክ» ተባለ። እንግሊዞች በሊቨርፑል ከተማ «ዲንኪ» የሚባሉትን መጫወቻዎች በዚህ ስም መሸጥ የጀመሩት በ1934 እ.አ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ቅልቅሉ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ሾልኮ ከገባ መጫወቻው ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተሰነጠቀ ይፈራርስ ነበር፤ ሰብሳቢዎች ይህን እንደ በሽታ ይፈሩታል። የዛሬዎቹ ግን የሚጠሩት ተጠርተው ስለሚሠሩ ሠሪዎቻቸውንም ገዢዎቻቸውንም ቆይተው ያልፋሉ።

የእኛው ሞዴል ልክ 1 ለ72 ነው። ትርጉሙ በሞዴሉ ላይ ያለ 1 ሴንቲ ሜትር በእውነተኛው ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። በዚህ ልክ ሰው ቢሠራ ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል። 6 ሜትር ስፋት ያላት የገበሬ ጎጆ ብትሠራ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ታክላለች። ይህን ልብ በሉልን።

አውሮፕላኑ «ኮርሴር» ይባላል። አሜሪካኖች የሠሩት፣ መጀመሪያ በ1940 እ.አ.አ. የበረረ፣ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እየተነሣ የሚዋጋ ነው። ክንፉ የተሰበረው ለጌጥ አይደለም። ባለ 2,000 ፈረስ ጉልበት ሞተሩ የሚያዞረው ውልብልቢት ስፋቱ 4 ሜትር ያህል ስለ ነበረ መሬት እንዳይነካ አውሮፕላኑ ከፍ ማለት ነበረበት፤ እግሩ ደግሞ አጭርና ጠንካራ መሆን ነበረበት፤ መሐንዲሶቹ ክንፉን ወደ ታች አጥፈው እግሩን ከእጥፋቱ ላይ አበቀሉት። አፍንጫው ከመርዘሙ የተነሣ አብራሪው ሲያርፍ መርከቡን ማየት ስለማይችል እንግሊዞች በጎን እየዞሩ መምጣትን ተማሩ። ጅራቱ ሥር መንጠቆ አለው፤ መርከቡ ላይ በተዘረጋ የብረት ገመድ ተጠልፎ የሚቆመው በዚያ ነው። ክንፉም ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በመርከብ ላይ ቦታ ስለሚጠብ።

ካርዲቱ ላይ ያለው ስም የሮበርት ሐምፕተን ግሬይ ነው። ካናዳዊ ነበር። ነሐሴ 3 ቀን 1937 (9 ኦገስት 1945 እ.አ.አ.)፣ ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ በጋየችበት በዚያው ዕለት፣ «ፎርሚደብል» ከሚባለው የእንግሊዝ መርከብ ተነሥቶ በኦናጋዋ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ የቆመችውን «አማኩሳ» የተባለች የጃፓን መርከብ በቦምብ አሰጠመ፤ እሱም ተመትቶ ባሕር ውስጥ ገባ። 27 ዓመቱ ነበር። ከፍተኛው የእንግሊዝ የጀግንነት ሜዳልያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ከሞተ በኋላ ተሰጠው።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለጎጃም ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል። መልሱ ከመርከቡ ስም ጋር መጣ።

«ፎርሚደብል» የካቲት 6 ቀን 1933 የት ነበረ? ቀይ ባሕር ላይ! ያን ዕለት አውሮፕላኖቹ በጣልያን እጅ የነበረችውን ምጽዋን ደበደቡ። ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብለው ሞቃዲሾን ደብድበዋል። ቦምብ የጣሉት «አልባኮር» የሚባሉ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ሲሆኑ፣ መርከቡ የያዛቸው ተዋጊዎች ደግሞ «ፉልማር» ይባሉ ነበር። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ የእንግሊዙ የፌይሪ ኩባንያ። በዚያው ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በጎጃም ቆላ በበላያ ተራራ ነበሩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። መጋቢት 25 ቀን 1933 «ኢግል» ከተባለው ሌላ መርከብ የመጡና በፖርት ሱዳን የሰፈሩ የዚያው የፌይሪ ፋብሪካ «ሶርድፊሽ» አውሮፕላኖች፣ ከምጽዋ ወጥተው ለመጨረሻ ግጥሚያ የሄዱትን የጣልያን አጥፊ መርከቦች ተከትለው «ናዛሪዮ ሳውሮ»ንና «ዳኒኤሌ ማኒን»ን አሰጠሙ። ክንፋቸው በጨርቅ የተሸፈነ፣ ከፍጥነት የተፈጠሩ የማይመስሉ፣ ሰው የሚስቅባቸው አውሮፕላኖች! በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 28፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም እዚሁ መጥተው እጅ ነሡ። በዚያው ቀን ሌላው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ ከጠረጴዛችን ላይ ያለው አሻንጉሊት መርከብና ከመስኮታችን የሚታየው ከተማ በአንድ ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ባሕር የማያውቅ ደገኛ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጋር ምን አገናኘው ያለ ሰው ይህን ይያዝ።

ግን እውነቱን እንናገር። ጎጃም አውሮፕላንን ያወቀው በምጽዋ በኩል አልነበረም።

አውሮፕላን ወደ አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ የፈረንሳይ ሥራ «ፖቴዝ» ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922፣ በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ዋለ። መጀመሪያ ውግዘት የተጻፈበት ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ስለዚህ በአገራችን ሰማይ የመጀመሪያው ቦምብ የወረደው ከጣልያን አውሮፕላን አልነበረም ማለት ነው። ይህችንም ያዙልን።

በ1928 ጣልያን በብዙ አውሮፕላን መጣ። በሰሜን ግንባር የፈሰሰውን የመርዝ ጋዝ ማንም የማያውቅ የለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር የተናገሩት ስለዚሁ ነበር። ጎጃም ደግሞ በ1930 ሲነሣ፣ የእነ በላይ ዘለቀ፣ የእነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ የእነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አገር ሲነሣ፣ ፋሺስቱ በእግረኛ ያልደረሰበትን ቀበሌ በአየር ይደርስበት ነበር። ጫካ የገባው አርበኛ ጠመንጃ አለው፤ ገደልና ዋሻ አለው፤ ለሰማይ ግን መልስ አልነበረውም። ሌሊት መጓዝን፣ ቀን እሳት አለማንደድን፣ ነጭ ልብስን በጭቃ መንከርን ያስተማረው አውሮፕላን ነው።

በ1932 መጨረሻ የእነ ሳንድፎርድ ጓድ ወደ ጎጃም ሲገባ ታዲያ የሰማዩ ነገር ተለወጠ። የእንግሊዝ አውሮፕላን በአማርኛ የተጻፈ የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ ይበትን ጀመር፤ ከካርቱም «ባንዲራችን» የሚባል ጋዜጣ ይታተም ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ደግሞ ዊንጌት በሰከላ አካባቢ፣ በፋጉታ፣ በአውሮፕላን ወረደ። የወረደበትን ሜዳ ያዘጋጀው ማን ይመስላችኋል? ድንጋዩን የለቀመው፣ ቁጥቋጦውን የመነጠረው የአገሩ ሰው ነው! ከሰማይ ሲሸሽ የኖረ ገበሬ ለሰማይ መንገድ ጠረገ። ሆኖም ከዚያ በኋላ የዊንጌት ጦር ከሱዳን ጠረፍ እስከ ደብረ ማርቆስ የመጣው በአብዛኛው ያለ አየር ድጋፍ፣ ከኋላው ደጋውን ያልቻሉ የግመሎች ሬሳ እየተወ ነበር።

ነፃነት መጣ። አሁን ወደ ሁለተኛው የመርከብ አውሮፕላን እናልፋለን፤ እሱ እንኳ በወሬ ሳይሆን በአካል አገራችን የገባ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት በስዊድኖች እርዳታ በቢሾፍቱ የአየር ኃይል አቋቋመ። መሪው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር፤ በ1928ቱ ጦርነት ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላለሰ፣ በመጨረሻም በ1969 ጎዴ ላይ የሞተ የኢትዮጵያ ወዳጅ። መጀመሪያ የመጡት የስዊድን «ሳብ» አውሮፕላኖች ናቸው። በ1940ዎቹ ደግሞ ከካናዳ ባሕር ኃይል «ፋየርፍላይ» የሚባሉ ተዋጊዎች ተገዙ። ስሙ አብሪ ትል ማለት ነው። ይኸም የፌይሪ ፋብሪካ ነው፤ የፉልማር ታናሽ ወንድም፣ መጀመሪያ በታኅሣሥ 1934 የበረረ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ባለ አራት መድፍ። ሐምሌ 10 ቀን 1936 በኖርዌይ ቲርፒትስ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ለመምታት ሲሄዱ የፎርሚደብል ኮርሴሮችና የሌላው መርከብ ፋየርፍላዮች በአንድ ዘመቻ ነበሩ። ከጠረጴዛችን ላይ ያለውና ወደ ቢሾፍቱ የመጣው የአንድ ጦር ሜዳ ባልንጀሮች ናቸው እንላለን።

እስቲ አስቡት። መንጠቆ ያለው፣ ክንፉ የሚታጠፍ፣ ለጠባብ መርከብ የተፈጠረ አውሮፕላን፣ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሐይቆች መካከል፣ ከጅራቱ ሥር የሚጠልፈው ገመድ በሌለበት አገር! አንበሳችንና ባንዲራችን ተቀባበት። የእኛ ሆነ። የኢትዮጵያ ልጆች አበረሩት፤ ጠገኑት፤ ዘመኑ ሲያልፍ ቆመ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1993 እ.አ.አ.፣ ካናዳውያን አሮጌ ፋየርፍላያቸውን ፈልገው መጡና ወሰዱ። አንዱ ዛሬ በኖቫ ስኮሺያ፣ ሺርወተር በሚባል የባሕር ኃይል አየር ሙዚየም ቆሟል። የጣሉትን ዕቃ ከአፍሪቃ ቀንድ ድረስ መጥተው ለቅመው፣ አጥበው፣ ቁጥሩን መልሰው ጻፉበት። ይህን ለነቀፋ አንጽፈውም። ቅናት ነው የያዘን።

አሁን ወደዚያች ሳንሠራት ወደ ቀረችው ሒሳብ እንመለስ።

ሽማግሌው 70 አልሞላቸውም ብለናል። ጣልያን ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ የትኛውን አውሮፕላን ነው ከሥሩ ቆመው ያዩት? ይህን ያሰብነው እሳቸው አገራቸው ከገቡ በኋላ ነው። አፈርን።

በ1960 መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የጎጃም ገበሬ ግብር አልከፍልም ያለ አልነበረም፤ የፈራው መሬቱ እንዳይለካበትና ርስቱ ከእጁ እንዳይወጣ ነው። ፍርሃቱም የቆየ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ በ1930ዎቹም በዚሁ ነገር ተነሥቶ ያውቃል። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ገማቾችን አላስገባም አለ። ሽምግልና ተሞከረ፤ አልሆነም። በክረምቱ ጦር ተላከ። የአየር ኃይልም መንደሮችን በቦምብ እንዲመታ ታዘዘ፤ መታም። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ጎጃምን ጎብኝተው የብዙ ዘመን ውዝፍ ግብር ማሩ። ገበሬው በሒሳብ ረታ። በሰማይ የመጣበት ነገር ግን በምሕረቱ ውስጥ አልተጠቀሰም።

የትኛው ዓይነት አውሮፕላን እንደ መታ ለመፈረጅ አይደለም ይህን የምናነሣው። ፋየርፍላይ ነው አላልንም። ያልነው ሌላ ነው፦ አንበሳና ባንዲራ የተቀባበት አውሮፕላን፣ አባቶቻቸው ለነፃ ሰማይ ሜዳ በጠረጉ ሰዎች ላይ ዞረ።

ጓደኛችን ለፋሲካ አገሩ ሲገባ አያቱን ጠየቃቸው። ተመልሶ የነገረን ይህ ነው። የዘጠኝ ዓመት እረኛ ነበሩ። ሐምሌ ነው፤ ደመናው ዝቅ ብሏል። ድምፁ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ መጣ። አባታቸው ለጤፍ የሚያለሰልሱት መሬት ላይ ነበሩ፤ ሞፈሩን ጥለው ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች እየጎተቱ ሮጡ። ልጁ ግን ወደ ኋላ እያየ ነበር፤ ደመናው ሲገለጥ ሆዱን አየ። «ግራጫ ነበር፤ እንደ እርግብ ሆድ» አሉ። ከጎረቤት አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ሞተች። የእነሱ በሬ ሞተ፤ ስሙ ቦራ ነው። «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩን?» ሲላቸው፣ «ማን ጠየቀኝ? የጣልያኑን ይጠይቃሉ፤ እሱን ደግሞ እኔ አልደረስሁበትም» አሉት።

ከዚህ በኋላ አሻንጉሊቱን ስናየው አንድ ነገር ገባን። የጦር አውሮፕላን ሆድ ሆን ተብሎ በፈዛዛ ቀለም ይቀባል፤ ከታች ያለ ሰው ከሰማዩ ለይቶ እንዳያየው። ሰብሳቢው ግን ሞዴሉን መደርደሪያ ላይ ሲያቆመው ከላይና ከጎን ነው የሚያየው፤ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ዓርማውን። አንድ ዕቃ ሁለት ታሪክ አለው፤ ከላይ የታየውና ከሥር የታየው። ከላይ የታየው ካርድ አለው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በዚህ ዘመን የወጋውም አይረሳም፤ በዚንክ ቀርጾ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ሙዚየም ሠርቶ ያስታውሳል። የተወጋው አይረሳም፤ ግን ይሞታል። ሲሞት ይዞት ይሄዳል። ልዩነቱ የማስታወስና የመርሳት አይደለም፤ የመጻፍና ያለመጻፍ ነው።

ለዚህ ከኦናጋዋ የተሻለ ምስክር የለንም። ግሬይ መርከባቸውን ያሰጠመባቸው የዚያች ከተማ ሰዎች በ1989 እ.አ.አ. ለእሱ ለጠላታቸው የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆምለት ፈቀዱ። እንዴት ቻሉ? እኛ የምንገምተው የራሳቸውን ሙታን አስቀድመው ስላሰቡ ነው። የራሱን ሙታን የቆጠረ ሕዝብ የጠላቱንም አብራሪ ሊያከብር ይችላል። ያልቆጠረ ግን ምሕረቱም ቂሙም ሜዳ ላይ ነው፤ ማንን እንደ ማረ፣ ስለ ማን እንደ ተቀየመ አያውቅም።

እኛስ? የሚያዝያ 27ን በዓል እናከብራለን፤ ይገባልም። የበላይ ዘለቀ ስም በየቦታው ይጠራል። ነገር ግን በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በጣልያን ገመድ እንዳልነበረ ስንቶቻችን እንናገራለን? ግሬይ ሜዳልያውን ያገኘበት ጦርነት ገና ሳያልቅ የእኛ ጀግና በእኛው ገመድ ሞተ። ከውጭ የመጣብንን ቁስል በዘፈንና በሐውልት እናነሣለን፤ ከቤት የመጣብንን እንውጣለን። አንቺም በመማሪያ መጻሕፍት አንድ መስመር ነች፤ የ1960ው የጎጃም ክረምት ደግሞ ከአዋጁና ከውዝፍ ግብሩ በታች ይቀበራል። ቦምቡን የጣለው የራስ ሲሆን ለቅሶው ያሳፍራል መሰለን። ዝምታው ከዚያ ነው፤ አያትየው ሃምሳ ከምናምን ዓመት የኖሩበት ዝምታ።

ደግሞስ ይህ የድሮ ነገር ብቻ ነው ወይ? የደጋ እናቶች ዛሬም የሰማይ ድምፅ ሲሰሙ አንጋጠው ከማየታቸው በፊት ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጡት የሚያስረዳ ታሪክ ካልጻፍንላቸው ሥራችን ምንድን ነው?

ስለዚህ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ወደየአገራችን እንበተናለን፤ ወደ ሞጣ፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ደምበጫ፣ ወደ ቡሬ። አንድ ደብተር ያዙ። «በጣልያን ጊዜ ምን ሆነ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ «ከዚያ በኋላስ?» በሉ። ወሩን፣ የቀበሌውን ስም፣ የሞተውን ሰው ስም፣ የማን ልጅ እንደ ነበረች፣ የት እንደ ተቀበረች ጻፉ። የበሬውን ስም ቢነግሯችሁ አትሳቁ፤ ጻፉት። የአውሮፕላኑን ቁጥር የሚጽፉለት ሌሎች አሉ፤ ሞልተዋል። ቦራን ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም።

አሻንጉሊቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። አልጣልነውም፤ ደግ ሥራ ነው፤ ግሬይም ጀግና ነው። ከአጠገቡ ግን የቡና ቤት ሳህን የምታህል፣ ስፋቷ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ጎጆ ከጭቃና ከበቆሎ አገዳ ሠርተን አስቀምጠናል። ክዳኗ ጠማማ ነው፤ ልጅ ሳለን እንሠራት እንደ ነበረችው። ልኳ 1 ለ72 ነው። ካርዷን የልጅ ልጃቸው በእጁ ጽፎላታል፤ ሦስት ስም፣ አንድ የበሬ ስም፣ «ሐምሌ 1960» ይላል።